የእትዬ አስካለ በረኪና

ባለፈው ሐሙስ ጦር ኃይሎች ባለችኝ ፀጉር ቤት ውስጥ የበረኪና ጠርሙስ ከፈትኩ። ክዳኑ ገና ሳይለቅ ሽታው አፍንጫዬን ሰንጎ ያዘው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያኔ እትዬ አስካለ ከነቦቲ ጫማዋ፣ ቁልፏን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ፊቴ መጥታ ቆመች። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ላስታውሳት ፈልጌ አላውቅም። እሷ ግን ለመግባት ፈቃድ የምትጠይቅ ሴት አልነበረችም። በረኪናውን ለምን እንደከፈትኩ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ የሚያስከብረኝ ነገር ስላልሆነ አሁን አፌ አይደፍርም።

"እሷ" እያልኩ መጻፌ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከእናቴ ትበልጥ ነበር፤ በልጅነቴም "እርስዎ" እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር የማናግራት። አሁን ግን የሚያስገድደኝ የለም። የነበረኝን አንቱታ ያኔ ሰጥቻት ጨርሻለሁ።

የምንኖረው የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ቆሼ ጥግ፣ በቆርቆሮና በሸራ በተሠራች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። እናቴ ለቃሚ ነበረች። የቆሻሻ መኪና ሲገለበጥ ከሌሎቹ ጋር እየተጋፋች የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሽቦ፣ የተሰበረ ሳፋ፣ የሚሸጥ የሚለወጠውን ሁሉ በማዳበሪያ ትሰበስባለች። የቆሼ ሽታ ልብስ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ጥፍር ሥር ያድራል። ታክሲ ላይ ልትሳፈር ስትል ረዳቱ ባዶ ወንበር እየታየ "ሞልቷል!" ይላታል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የወላጆች ቀን ሲደርስ ከትምህርት ቤት የተሰጠኝን የጥሪ ወረቀት መንገድ ላይ ቀድጄ እጥለው ነበር። እሷ ግን እስከ ዛሬ ትምህርት ቤቱ ያልጠራት ይመስላታል።

የሻወር ቤቱ የተሠራው እንደ እሷ ላለ ሰው ነበር። ስድስት ክፍል፣ ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ጥቁር ሮቶ። ገንዘቡን የላከው ውጭ አገር ያለ የአይሁዶች በጎ አድራጎት ማኅበር ስለነበር ሰፈሩ "የአይሁዶቹ ሻወር" ይለው ነበር። ስማቸው ግን የትም ቦታ አልተጻፈም። ሌላው ረጂ አንዲት ቦኖ ከሠራ ከቦኖዋ የሚበልጥ ታፔላ ያቆማል። እነሱ "አይጻፍብን፣ ተቀባዩ ሰጪውን ባያውቀው ይሻላል" ብለው እምቢ አሉ። ሰፈራችን እንዲህ ዓይነት ነገር አይገባውም። "ስሙን የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው" ተባለ። አንዱ ሃይማኖት ሊያስለውጡን ነው አለ። ሌላው መዝግበው ወደ ኢየሩሳሌም ሊወስዱን ነው አለ፤ ይህን ሰምተው ሻንጣ ያዘጋጁም ነበሩ። እኔ እስከማውቀው ግን ከዚያ ማኅበር መጥቶ የምን እምነት ተከታይ ናችሁ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም።

እትዬ አስካለን ተቆጣጣሪ አድርጎ የቀጠራት የሰፈሩ ኮሚቴ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጉንጯ የገባ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ጥብቅ አድርጋ የምታስር ሴት ነበረች። በንጽሕና የሚያህላት አልነበረም። ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ ዶሮ የምታጥበው እሷ ነበረች፤ በሎሚና በጨው አሽታ፣ አሽታ፣ ዘጠኝ ውሃ ሳትለውጥ ከሳፋው አታወጣውም። ሰው ይህን እያነሳ ሲያወድሳት ዝም ብላ ትሰማለች፣ ይበልጥ እንዲያወድሳትም ትጠብቃለች። የሻወር ቤቱን ቁልፍ በጫማ ማሰሪያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ በተቀመጠች ቀን ደግሞ አንገቷ በስንዝር ረዘመ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይባላል፤ እሷን ግን አሳምሮ አድምቋታል። ደመወዝ የሚከፍሏትን ሰዎች እንኳ ከማማት አትመለስም ነበር። "ከመቼ ወዲህ ነው አይሁድ ለክርስቲያን ያዘነው?" ትላለች፣ እነሱ በገዙላት ወንበር ላይ ተደላድላ።

ደንብ ወጣ። መሬቱ የሰፈሩ ነው በሚል የሰፈር ሰው ከጠዋት ጀምሮ እንዲታጠብ፣ የቆሼ ሰው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በአንዲት ክፍል ተራ በተራ እንዲገባ ተወሰነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሮቶው ውስጥ የሚቀረው ውሃ የድመት ጥም አይቆርጥም ነበር። ለእኛ ተብሎ የተሠራ ቤት በር ላይ ተሰልፈን የሌላውን ሰው ሳሙና እናሸት ነበር። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ የቆሼ ሰው ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። የቆሼ ሴት ታጥባ በወጣች ቁጥር እትዬ አስካለ በረኪናና የሽቦ ብሩሽ ይዛ ትገባና ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር ትፍቀዋለች። ሴትየዋ ውጭ ቆማ ገና ፀጉሯን እየጠመዘዘች ነው። የብሩሹ ድምፅ ክርክር ክርክር ይላል፣ ሽታው በበሩ ሥር ይወጣል። "ሌላ ሰው ይገባበታል እኮ!" ትላለች እትዬ አስካለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። ከሰፈር ሰው በኋላ አንድም ቀን ስትፍቅ አላየሁም። እናቴ እየሰማች "አመሰግናለሁ እትዬ አስካለ" ብላ ትሄድ ነበር። ያ "አመሰግናለሁ" የሚያበግነኝን ያህል ብሩሹም አያበግነኝም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ለእናቴ ሥራ ተገኘላት። እዚሁ ጦር ኃይሎች ዳቦ ቤት የነበራቸው እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ደግ ሴት ነበሩ። እናቴ ባዶ የዱቄት ከረጢት ልትገዛ ወደ እሳቸው እየሄደች ተግባብተው፣ "ሊጥ የምታቦካ ሰው እፈልጋለሁ" አሏት። "ግን ልጄ፣ ልንገርሽ፤ ዳቦ ሽታ ይስባል። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታጥበሽ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰሽ ነይ። ከዚያም በየቀኑ እንደዚያው። ካልቻልሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።" እናቴ እየሮጠች መጥታ ስትነግረኝ እንደ ልጅ ነበር የምትስቀው። ቤት ውስጥ በአንድ ጀሪካን ውሃ ለመታጠብ ሞከረች። የቆሼ ጭስ የገባበት ፀጉር ግን በአንድ ጀሪካን አይለቅም፤ ቤቱም፣ አልጋውም፣ ፎጣውም ያንኑ ይሸታል። ጠዋት ሻወር ካልተከፈተላት ሥራው የለም።

ማታውኑ ወደ እትዬ አስካለ ሄድን። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ለመነቻት።

"እትዬ አስካለ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለእኔ ብቻ ይክፈቱልኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጅም።"

"ደንብ ደንብ ነው።"

"ለአንድ ወር ብቻ፣ እስክለምድ። ልጄን ላሳድግበት ነው።"

"ለአንቺ ከከፈትኩ ነገ ቆሼ በሙሉ ይገለበጥብኛል" አለችና በሩን ቆለፈች። ቁልፉን ስትጠመዝዝ የነበረው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል። ያን ቀን ጠላኋት፤ ልጅ ሲጠላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነው፣ ቁራጭ አያስቀርም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከማኅበሩ እንግዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ፣ ለሮቶው አዲስ ፓምፕም ይዘው ነው ተባለ። ሰፈሩ ሌላ ጉዳይ ረስቶ በአንድ ጥያቄ ታመሰ፦ አይሁድ የሚበላው የማንን ሥጋ ነው? በእኛ ሰፈር ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ ነው የሚበላው፤ ሦስተኛ ዓይነት ሰው መጥቶ አያውቅም። አንዱ ክርስቲያን "ኦሪት ናቸው፣ ወደ እኛ ይቀርባሉ" አለ። አንዱ ሙስሊም "አሳማ አይበሉም፣ ወደ እኛ ነው የሚቀርቡት" አለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር "ሁለቱም ይቅረብ፣ እንግዳው የወደደውን ያንሳ" ብሎ ነገሩን ገላገለ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች በግ አረዱ። እትዬ አስካለ ደግሞ ስድስት ዶሮ ተረከበችና በሻወር ቤቱ ውሃ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ስታጥብ ዋለች። ስድስት ዶሮ፣ ለያንዳንዱ ዘጠኝ ውሃ።

ከሰዓት በኋላ ነጭ ፒክአፕ መኪና መጣ። አንድ ረዥም ፀጉረ ብጫ ፈረንጅ ወረደ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ቆሻሻ የረገጠ ጫማ ያደረገች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ከእኛም ጠቆር ያለች አንዲት ሴት። ኮሚቴው በሙሉ ፈረንጁ ላይ ተረባረበ። አበባ ተሰጠው፣ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሊቀመንበሩ ወረቀት አውጥቶ ንግግር አነበበለት። ፈረንጁ እጁን ወደ ሴትየዋ እየጠቆመ አንድ ነገር ለማስረዳት ደጋግሞ ሞከረ። ለእሷም ምግብ ስጧት የሚል መሰላቸው።

"ይመጣል፣ ይመጣል" እያሉ አስቀመጡት።

እትዬ አስካለ ሴትየዋን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ለካቻት። "የእኔ እህት፣ እዚያ ካሉት ጋር ተቀመጪ። የሠራተኛ ምግብ በኋላ ነው የሚነሳው።"

"እዚያ ካሉት" እኛ ነበርን። ተራ ጠባቂዎቹ የቆሼ ሴቶች ከእነልጆቻቸው አግዳሚው ላይ ተደርድረን ነበር። ሴትየዋ መጥታ በእኔና በእናቴ መሀል ተቀመጠች። ቆሼ፣ ቆሼ ትሸት ነበር። እናቴ ፈገግ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ እዚያው ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። እትዬ አስካለ ወደ እኛ መጥታ ድምፅዋን ሳትቀንስ "ፈረንጁ ከጠየቃችሁ ጠዋት ጠዋት ነው የምንታጠበው በሉ! ገመናችንን ለባዕድ የሚያወጣ ሰው ሁለተኛ እዚህ በር አይደርስም" ስትል ሰማች። ሊቀመንበሩ "እነሱ ምን ያውቃሉ፣ ይላኩልን እንጂ!" ብሎ ሲስቅ ሰማች። ፈረንጁ አማርኛ እንደማያውቅ ሁሉም ተማምኗል። አግዳሚው ላይ ያለችውን ሴት ግን የቆጠራት የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እነሱ ግን ባለቤቷን ማን እንደሆነች እንኳ ሳያውቁ ነበር የሚነቀንቁት።

ምግቡ ሲቀርብ ሴትየዋ ተነሳች።

"እንደምን ዋላችሁ" አለች፣ በጎንደር አማርኛ፣ ረጋ ብላ። "አልማዝ እባላለሁ። ከማኅበሩ የተላክሁት እኔ ነኝ። እሱ የፓምፕ ሠራተኛ ነው፤ ሊነግራችሁ ሲለፋ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ነው ከጎንደር ወጥቼ ኢየሩሳሌም የገባሁት፣ አማርኛዬ ግን አብሮኝ ነው የወጣው።"

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። እትዬ አስካለ ግን ከሁሉ የባሰውን አደረገች። ለጎረቤቷ "ፈላሻ ናት" ብላ አንሾካሾከችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የዶሮ ወጡን ሸፈነችው። የሴትየዋ የቡዳ ዓይን እንዳይበላው ነው። እኔ ቃሉን ባላውቀውም ስድብ መሆኑ ከአፏ አወጣጥ ገብቶኛል።

አልማዝ አየች። "አይሸፍኑት እናቴ፣ አልበላውም" አለች። "ወገኔ ያላረደውን አልበላም። እናንተስ እንዲሁ አይደላችሁ?" ከሳህኑ አንድ እፍኝ ቆሎ አንስታ ወደ አግዳሚው ተመለሰችና ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። "ጠዋት ሙሉ ቆሼ ላይ ስዞር ነው የዋልሁ። ታጥቤ ልሂድ። አንቺ ስንተኛ ነሽ?"

"ሦስተኛ ነኝ" አለች እናቴ።

"ከአንቺ ቀጥዬ እገባለሁ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለቱ ሴቶች ታጠቡ፣ እናቴም ታጠበች፣ ከሦስቱም በኋላ ብሩሹ ጮኸ። እትዬ አስካለ የማኅበሩ ሰው ፊት እንኳ መተው አልቻለችም፤ ልማዷ ከእሷ ይበረታ ነበር። አልማዝ ገባች። ብዙም ሳይቆይ የውሃው ድምፅ ተንቆረቆረ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ፎጣ አገልድማ፣ ፀጉሯ በአረፋ ተሸፍኖ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በሩ ላይ ብቅ አለች።

"ውሃው አለቀ" አለች፣ ሳትቆጣ።

ማንም ሰው አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ለማታ የቀዳናትን አንድ ጀሪካን አንስታ ሄደችና ጭንቅላቷ ላይ ቀስ እያለች አፈሰሰችላት። አልማዝ ለብሳ ወጥታ ፀጉሯን ስትጠመዝዝ፣ ከኋላዋ ያ ድምፅ ጀመረ፦ ክርክር፣ ክርክር። እትዬ አስካለ ገብታ እሷ የታጠበችበትን ክፍል እየፋቀች ነበር። በረኪናው ከሌላ ቀን ይልቅ በዝቶ ሁላችንንም አሳለን።

አልማዝ እጇን ፀጉሯ ላይ እንዳደረገች ቆማ አዳመጠች። "ከሁሉም ሰው በኋላ ነው እንዲህ የሚፋቀው?" ብላ ጠየቀች።

ኮሚቴው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች መሬት መሬቱን አዩ።

"ከእኛ በኋላ ብቻ ነው" አልኩ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እኔ ግን አንዴ ጀምሬ ነበር። "ጠዋትም አይከፈትልንም። ሰኞ እናቴ ዳቦ ቤት ሥራ ልትገባ ነበር፣ እትዬ አስካለ እምቢ አሉ።" እንባዬ መጣና ሌላውን ዋጠብኝ።

"እናቴ እንስራ ሠርታ ገበያ ታወርድ ነበር" አለች አልማዝ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። "ውሃ የጠጣችበትን ጣሳ በአመድ ያጥቡት ነበር።" ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። "ከሰኞ ጀምሮ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት የቆሼ ሰዎች ይታጠባሉ፤ የሰፈሩ ሰው ከእነሱ ቀጥሎ። በዚህ ከተስማማችሁ ፓምፑ ይውረድ። ካልሆነ መኪናው ላይ እንዳለ ይመለሳል።"

ፓምፑ ወረደ። ሊቀመንበሩ ራሱ ነው አንዱን ጎን የያዘው።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ እትዬ አስካለ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። አላየችንም፣ ሰላምታችንንም አልመለሰችም። እናቴ ታጥባ፣ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዳቦ ቤቱ ደረሰች። ለብዙ ዓመት ሊጥ አቡክታ አሳደገችኝ፤ ይህችን ፀጉር ቤት ስከፍትም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወንበሮች የገዛችልኝ እሷ ናት። የወላጆች ቀን ላይ ዳቦ፣ ዳቦ እየሸተተች መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አልማዝን ከዚያ ቀን በኋላ አላየናትም።

እትዬ አስካለ በሥራዋ ቀጠለች። ደንቡ ሲለወጥ እሷ አልተለወጠችም፤ አንድም ቀን አላረፈደችም፣ አንድም ቀን ብሩሹን ከእጇ አልጣለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቅማል ያስቸገራቸውን ልጆች ፀጉር እንድታጥብ ተመድባ፣ እኔንም ሳፋ ላይ ደፍታ እንደ ዶሮዎቿ አሽታኛለች። ውሃውን በክርኗ ትለካለች፣ ጣቶቿ ከጆሮ ኋላ ይጀምሩና ወደ ማጅራት ይወርዳሉ፣ ዓይኔ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳሙና አታስገባም። ሳልወድ ልናገረው፤ ያን የመሰለ እጅ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ደንበኞቼ "ስታጥቢ እንቅልፍ ታመጫለሽ፣ ከማን ተማርሽው?" ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተች። እኔ ቀብሯ አልሄድም አልኩ። እናቴ ሄዳ፣ ዓይኗ አብጦ ተመለሰች። "ለሷ ነው የምታለቅሺው?" ብዬ ጮህኩባት። "አሥራ ሁለት ሰዓት ክፈቺ ከተባለች ጀምሮ አንድ ደቂቃ አሳልፋብኝ አታውቅም" አለችኝ። ከእናቴ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ባለፈው ሐሙስ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ሳትናገር ከየት እንደመጣች አወቅኩ፤ አፍንጫዬ ያን ሽታ ከእናቴ ስም እኩል ነው የሚያውቀው። ነገ በልጇ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነው፤ ፀጉሯን ታጥባ መሠራት ትፈልጋለች። በሩ ላይ ቆማ "እኔን ትቀበሉኛላችሁ?" አለች። "ምን ማለትሽ ነው፣ ግቢ!" አልኳት። ውሃውን በክርኔ ለክቼ፣ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ እያሳቅኳት ሹሩባ ሠራኋት። መርቃኝ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ በረኪናውን አወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ አስቤበትም አልነበረም። ወንበሩን ፋቅኩ፣ የመታጠቢያውን ሳህን ፋቅኩ፣ የበሩን እጀታም መፋቅ ጀመርኩ።

እናቴ በስተርጅናዋ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ጥግ ላይ ባለችው ወንበር ነው። እዚያ መኖሯን ረስቼ ነበር።

"አስካለን የቀበርናት መስሎኝ ነበር" አለች።

ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ። ወደ እሷ መዞር አፍሬ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ጠርሙሱን ከደንኩ፣ እጄንም ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ሽታው ግን እስኪመሽ አለቀቀኝም።